ከክፍሉ ጀርባ የሚቆሙ መምህራን

እ.ኤ.አ. በ1872 የጃፓን መንግሥት ለአገሩ ሁሉ አንድ ወጥ የትምህርት ሥርዓት ሲያውጅ የሚያስተምር ሰው ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ አፍጥጦ መጣ። በዚያው ዓመት ቶኪዮ ውስጥ የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ ማሪዮን ስኮት የተባለ አሜሪካዊም ተቀጠረ። ስኮት በአስተርጓሚ እየታገዘ፣ አንድን ክፍል ሙሉ በአንድ ጊዜ ማስተማር እንዴት እንደሚቻል ማሳየት ጀመረ።

ነገሩ ለጃፓኖች እንግዳ ነበር። ቴራኮያ በሚባሉት የቀድሞ የሰፈር ትምህርት ቤቶች፣ በየኔታ ደጅ አንዱ ፊደል ሲቆጥር ሌላው ዳዊት እንደሚደግመው ሁሉ፣ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ፍጥነት ይሄድ ነበር። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሁሉንም ባንድ ላይ መምራት ደግሞ በቃል ብቻ ተነግሮ የሚገባ አልሆነም፤ ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ በማሠልጠኛው ሥር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ሠልጣኙ ሲያስተምር ባልደረቦቹ ይመለከታሉ፤ ሲጨርስ ይተቻሉ።

በ1883 ዋካባያሺ ቶራሳቡሮና ሺራይ ታኬሺ ያሳተሙት የማስተማር ዘዴ መጽሐፍ፣ እንዴት እንደሚስተማር ብቻ ሳይሆን የባልደረባ ትምህርት በምን በምን ነጥብ እንደሚተችም ይዘረዝር ነበር።

ያኔ ግን የትችቱ ስብሰባ በአመዛኙ ከውጭ የመጣ ዘዴ ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት ቦይ ነበር። በምዕተ ዓመቱ መጨረሻ የጀርመናዊው ኸርባርት ተከታዮች ያስፋፏቸው የማስተማር ደረጃዎች ሲገቡ፣ ትችቱም መምህሩ ደረጃዎቹን ጠብቋል አልጠበቀም ወደሚል ቁጥጥር አዘነበለ። መምህራኑ በዚህ ማጉረምረማቸው አልቀረም። በነሐሴ 1921 ቶኪዮ ላይ 8 የትምህርት አሳቢዎች አዳዲስ ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ ከየአውራጃው የመጡ መምህራን አዳራሹን ሞሉት። ልጁን ማዕከል ያደረገ ትምህርት መነጋገሪያ ሆነ፤ የተመልካቾቹም ዓይን ቀስ በቀስ ከመምህሩ ወደ ተማሪው ዞረ።

ጁግዮ ኬንክዩ የሚባለው ይህ የባልደረባን ትምህርት ተመልክቶ የመወያየት ልማድ ዛሬም አለ። የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን አንዲት ክፍለ ጊዜ ለማዘጋጀት ሳምንታት ሊፈጅባቸው ይችላል። ለምሳሌ ለ1ኛ ክፍል መቀነስ ሲያስተምሩ የመጀመሪያው ጥያቄ 13 ሲቀነስ 9 ይሁን ወይስ 12 ሲቀነስ 3 ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም፦ 13 ሲቀነስ 9 ሲባል ልጁ ከ10 ላይ 9 ቀንሶ የቀረችውን 1 ከ3 ጋር መደመር ይቀናዋል፤ 12 ሲቀነስ 3 ሲባል ግን መጀመሪያ 2፣ ከዚያ 1 ማንሳት ይቀለዋል። የቁጥሩ ምርጫ የልጁን መንገድ ይመርጣል።

በዕለቱ አንዱ ያስተምራል። ሌሎቹ የትምህርት ዕቅዱንና የተማሪዎቹን አቀማመጥ የሚያሳይ ወረቀት ይዘው ከኋላና ከጎን ይቆማሉ፤ ማን ምን ጻፈ፣ የቱ ጋ ደነቀፈው፣ የቱን ሰርዞ እንደገና ሞከረ እያሉ ይመዘግባሉ። ደወሉ ሲደወል ወደ ውይይት ነው። ዕቅዱን አብረው ስላወጡት ጉድለቱም የጋራ ነው፤ ያስተማረውን ሰው ለይቶ መውቀስ አይቀልም።

ዓለም ልብ ያለው ዘግይቶ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ አጥኚዎች በጀርመን፣ በጃፓንና በአሜሪካ 231 የ8ኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርቶችን በቪዲዮ ቀረጹ። ከዚያ የተነሣው የጄምስ ስቲግለርና የጄምስ ሂበርት መጽሐፍ በ1999 ሲወጣ፣ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ልማዱን መሞከር ያዙ። በአፍሪካ ደግሞ የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት፣ ጃይካ፣ በ1998 ኬንያ ውስጥ የጀመረው የሒሳብና ሳይንስ መምህራን አቅም ማጎልበቻ ፕሮጀክት ለልማዱ መንገድ ጠረገ፤ ተመሳሳዩ በ2011 ወደ ኢትዮጵያም ገባ።

በትውልድ አገሩ ግን ልማዱ ጊዜ አጥቷል። በ2018 በተካሄደ ዓለም አቀፍ የመምህራን ጥናት የጃፓን የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ መምህር በሳምንት 56 ሰዓት ይሠራ ነበር፤ በጥናቱ ከተካተቱት አገሮች ሁሉ ረጅሙ ነው። ለአንዲት ክፍለ ጊዜ ሳምንታት የሚፈጀው ዝግጅትም ከዚሁ ሰዓት ላይ መገኘት አለበት።