ሙሽራው ወደ ሚስቱ ቤት ሲገባ

በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ ኢሳን በሚባለው ሰፊ የሩዝ አገር፣ ሲያገባ ከቤቱ የሚወጣው እንደ ልማዱ ወንዱ ነው። ሴቲቱ ከእናቷ አጠገብ ትቆያለች፤ ባል መጥቶ ከአማቶቹ ጋር ይኖራል፣ እርሻቸውን ያርሳል፣ ከጊዜ በኋላ እዚያው ግቢ ውስጥ ወይም ጎን የራሱን ቤት ይሠራል። የወላጆች ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ለመጨረሻዋ ሴት ልጅ ነው፤ እስከ ሞታቸው የምትጦራቸው እሷ ናትና። ዛሬ በታይላንድ ኢሚግሬሽን ቢሮዎች ወረፋ የሚይዙት የውጭ አገር ባሎች በመንደሩ ሚዛን ደንቡን የጠበቁ ሰዎች ናቸው፤ ወደ ሚስት ቤት ገብተዋል። መንደሩም «ኮይ ፋራንግ»፣ ፈረንጅ አማች፣ ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል። (ፋራንግ የእኛው ፈረንጅ ወንድም ነው፤ ሁለቱም ፍራንክ ከሚለው ጥንታዊ ስም ተነሥተው በፋርስና በዐረብ አፍ አልፈው የመጡ ናቸው።) ሕጉ ግን እነዚህን አማቾች ሃያ ዓመት ቢኖሩም ለአንድ ዓመት ብቻ የተፈቀደላቸው እንግዶች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። የዚህ ልዩነት ምክንያት የጸሐፊዎች ስንፍና ወይም ክፋት ነው ብዬ አላምንም። ሕጉ በተጻፈ ጊዜ ሚስት ባሏን ተከትላ ትሄዳለች የሚል፣ ከሩቅ አገር የመጣ አሳብ ተይዞ ነበር፤ ወደ ሚስቱ ለሚመጣ ባል ስፍራ አልተዘጋጀለትም። ከዚያ ወዲህ የወጡት ቅጾች ሁሉ ይህን ጉድለት የወረሱ ናቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወረቀቱ ከመምጣቱ በፊት ባሎቹ መጥተው ነበር። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ከደቡብ ቻይና ጠረፍ በመርከብ የመጡት ወንዶች አብዛኞቹ ሚስት ይዘው አልመጡም። የሲያም፣ የያኔዋ ታይላንድ፣ ሴቶችን አገቡ፣ ከሚስቶቻቸው ወገን ተቀላቀሉ፣ «ሉክ ቺን» የተባሉ ልጆች ወለዱ። መንግሥት የፈለገው ጋብቻቸውን ሳይሆን ግብራቸውን ነበር። ሲያማዊው ገበሬ በአለቃ ስም ይመዘገባል፣ ክንዱ ላይ ይነቀሳል፣ በየዓመቱ የግዴታ ሥራ ይሠራል። ቻይናዊው ከዚህ ነፃ ነው፤ በምትኩ በየሦስት ዓመቱ የነፍስ ወከፍ ግብር ይከፍልና የከፈለበት ምልክት ክር በእጁ አንጓ ታስሮ በሰም ይታተምበታል። ይህ በእጅ የሚታሰር ማኅተም በየጊዜው የሚታደስ የመኖሪያ ፈቃድ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልጁ ሲያድግ ምርጫው የእሱ ነው፤ ወይ ጠጉሩን እንደ አባቱ ጎንጉኖ ግብሩን ይከፍላል፣ ወይ እንደ እናቱ ወገኖች ተነቅሶ ሲያማዊ ይሆናል። ከእንግሊዝ ጋር ከተፈረመው የ1855ቱ የቦውሪንግ ውል በኋላ ለእንግሊዞች፣ ቀጥሎም ለሌሎች አውሮፓውያንና ለአሜሪካውያን ሌላ ሥርዓት ተዘረጋ። ፈረንጁ በራሱ ቆንስላ ይመዘገባል፣ የሚዳኘው በቆንስላው ነው፣ ከተፈቀደለት ክልል አልፎ ወደ መሀል አገር ሊጓዝ ሲል ቆንስላው የሰጠውንና የሲያም ሹም ያተመበትን የይለፍ ወረቀት ይይዛል። በሁለቱም ሥርዓት ሚስቱ ማን ናት ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ጥያቄው የመጣው ሲያም ማን ዜጋዬ ነው ብላ መቁጠር በጀመረች ጊዜ ነው፤ ለመቁጠርም በቂ ምክንያት ነበራት። ኢንዶቺናን የያዘችው ፈረንሳይ ላዎችን፣ ክመሮችንና ቻይናውያንን ሳይቀር በቆንስላዋ እየመዘገበች ጥበቃዬ ሥር ናቸው ትል ነበር፤ እያንዳንዱ የተመዘገበ ሰው ደግሞ ከሲያም ፍርድ ቤት ያመለጠ ሰው ነው። የንጉሥ ቫጂራቩድ መንግሥት በ1913 ያወጣው የዜግነት ሕግ ለዚህ የተሰጠ መልስ ነው። መልሱ ሲጻፍ ግን አብሮት አንድ የተዋሰ አሳብ ገባ፤ ዜግነት በአባት ይተላለፋል፣ ሲያማዊ ያገባች የውጭ አገር ሴት ሲያማዊት ትሆናለች፣ የውጭ አገር ሰው ያገባች ሲያማዊት ደግሞ የባሏ ሕግ ዜግነት የሚሰጣት ከሆነ የራሷን ታጣለች። ይህ ከኢሳን የመነጨ ደንብ አይደለም። በ1804ቱ የናፖሊዮን ሕግ ተጽፎ፣ በ1870 እንግሊዝ፣ በ1907 አሜሪካ ተቀብለውት ዓለምን የዞረ ነው። በ1930 የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግም ቃሉ ከዚሁ ጋር የቀረበ ነበር፤ ኢትዮጵያዊን ያገባች የውጭ አገር ሴት ኢትዮጵያዊት ትሆናለች፣ የውጭ አገር ሰው አግብታ የባሏን ዜግነት ያገኘች ኢትዮጵያዊት ደግሞ የራሷን ትለቃለች። ቅኝ ያልተገዙ ሁለት መንግሥታት፣ በአውሮፓውያን ዘንድ በእኩል ዓይን ለመታየት ሲጥሩ፣ ከአንድ ምንጭ ቀድተዋል። ሲያም ላይ ግን ብድሩ በልዩ ሁኔታ የማይገጥም ነበር፤ በሰሜኑና በሰሜን ምሥራቁ ሴት ልጅ ከቤቷ በማትወጣበት አገር፣ ሕጉ ያገባችዋን ሴት የወጣች አድርጎ ጻፋት።

የቀሩት ወረቀቶች ደግሞ የተፈጠሩት ፈረንጁን በማሰብ አልነበረም፤ ቻይናዊውን በማሰብ ነው። በ1910 የባንኮክ ቻይናውያን በአዲሱ የግብር ሥርዓት ተቆጥተው ሱቅ ዘግተው ሥራ ካቆሙ ወዲህ ቤተ መንግሥቱ በጥርጣሬ ያያቸው ጀመር። የመጀመሪያው የኢሚግሬሽን ሕግ በ1927 ወጣ፤ በ1930ዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ምዝገባ ተከተለ። በ1947 ለቻይናውያን የዓመቱ ኮታ 10,000 ሰው ሆነ፣ በ1949 ወደ 200 ወረደ። ዛሬም በሥራ ላይ ያለው የ1979 የኢሚግሬሽን ሕግ የቋሚ መኖሪያ ፈቃድን በዓመት ለአንድ አገር ዜጎች ከ100 እንዳይበልጥ ይወስናል። ያ ቁጥር የቤተሰብን ጉዳይ መዝኖ የወጣ አይደለም፤ በኮሚኒስት ቻይና ስጋት ጊዜ የተበጀ በር ነው። አንድ ኖርዌያዊ ጡረተኛ ከኢሳኗ ከተማ ከኡዶን ታኒ ያገባትን ሚስቱን ይዞ በዚህ በር ለመግባት ሲሞክር የሚጋፋው ለሌላ ሰው ከተሠራ ግድግዳ ጋር ነው።

ሕጉ ያላሰባቸው ባሎች በብዛት የመጡት በቬትናም ጦርነት ዘመን ነው። ኡዶን፣ ኮራት፣ ኡቦን፣ ናኮን ፋኖም፣ ታክሊና ኡታፓኦ የአሜሪካ አየር ኃይል ሰፈሮች ሆኑ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ በአገሪቱ የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች እስከ 50,000 ደርሰው ነበር። ከተሞቹ «ሚያ ቻኦ»፣ የኪራይ ሚስት፣ የሚል ጨካኝ ቃል አወጡ፤ ቃሉ ግን እውነቱን ሁሉ አይሸፍንም፤ አንዳንዶቹ በሕግ ተጋብተዋል፣ ወልደዋል፣ አሜሪካ የሄዱም አሉ። ሕጉ የፈተናቸው በልጆቻቸው በኩል ነው። ታኅሣሥ 1972 ወታደራዊው መንግሥት ያወጣው አዋጅ ቁጥር 337 በዋናነት ያነጣጠረው በሰሜን ምሥራቅ በሰፈሩ ቬትናማውያን ስደተኞች ልጆች ላይ ነበር፤ ነገር ግን አባታቸው በጊዜያዊ ፈቃድ የገባ የውጭ አገር ሰው የሆኑትን፣ በታይላንድ ምድር የተወለዱትን በጅምላ ዜግነት ነፈጋቸው። እናት ታይ መሆኗ አላዳናቸውም፤ ሕጉ በመጀመሪያ የሚያየው ሕጋዊ አባትን ነበርና። ጋብቻዋን በወረዳው ያስመዘገበች እናት ልጅዋን ለዚህ አደጋ አጋለጠች ማለት ነው፤ ያላስመዘገበችው፣ ሕጋዊ አባት የሌለው ልጅ ያላት፣ በዚህ ረገድ ትሻል ነበር። ታይ እናት ዜግነቷን ለልጇ ከአባት እኩል እንድታወርስ ሕጉ የፈቀደው በ1992 ነው።

ሴቶቹ ራሳቸው ይህን ትምህርት በደንብ ተምረዋል። የ1965ቱ የዜግነት ሕግ የውጭ አገር ሰው ያገባች ሴት ራሷ ካልለቀቀች ዜግነቷን እንደማታጣ ቢደነግግም፣ መሬት ላይ ግን ያው አሮጌው አሳብ ቀጠለ። የውጭ አገር ሰው በታይላንድ መሬት አይገዛም፤ ስለዚህ ፈረንጅ ያገባች ታይ በስሟ መሬት ልትገዛ ስትሄድ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ አይመዘግብላትም ነበር። በ1962 የወጣው የስም ሕግ ደግሞ ሚስት የባሏን የቤተሰብ ስም እንድትይዝ ያስገድድ ነበር፤ የውጭ አገር ስም በመታወቂያዋ ላይ በሰፈረ ማግሥት ማን እንዳገባች ይታወቅ ነበር። ውጤቱ እንደሚጠበቀው ነው፤ ድግሱ ይደገሳል፣ መነኮሳት ይባርካሉ፣ በእጅ ላይ ነጭ ክር ይታሰራል፣ ወደ ወረዳው ግን አይኬድም ነበር። በ1999 የአገር ግዛት ሚኒስቴር መሬቱ የተገዛበት ገንዘብ የሚስቲቱ የግል ሀብት መሆኑን ባልና ሚስት ካረጋገጡ እንዲመዘገብላት ፈቀደ። በ2003 ደግሞ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የባልን ስም መያዝ ግዴታ መሆኑን ሻረ። ዛሬ ትዳራቸውን የሚያስመዘግቡ የበዙት ሰዎቹ ለሕግ ያላቸው ፍቅር ስለ ጨመረ አይደለም፤ ወረዳው ሴቲቱን መቅጣት ስላቆመ ነው።

ከምዝገባው በኋላ ያለው ወረቀት ግን ሌላ ዓለም ነው። ባልየው አግብቶ የመቆያ ፈቃዱን ለአንድ ዓመት ሲያራዝም በራሱ ስም በታይ ባንክ 400,000 ባት ለሁለት ወር የቆየ ገንዘብ ወይም በወር 40,000 ባት ገቢ ያሳያል፤ ሚስቱ አብራው ትቀርባለች፤ የጋብቻ መዝገቡ፣ የቤት መዝገቡ፣ የቤቱ ካርታ፣ በቤት ቁጥሩ ፊትና በሳሎን የተነሡት ፎቶ ይያያዛል። በየ90 ቀኑ አድራሻውን ያሳውቃል። ያረፈበት ቤት ባለቤት በ24 ሰዓት ውስጥ ልታስመዘግበው ይገባል፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ ሚስቱ ስለ ባሏ ታስመዘግባለች ማለት ነው። እናቱ ታማ ወይም ሞታ ወደ አገሩ ቢበር፣ ከመሄዱ በፊት 1,000 ባት ከፍሎ የመመለሻ ፈቃድ ካልያዘ የዓመቱ ፈቃድ በአውሮፕላን ማረፊያው ይሰረዝበታል። ወረቀቶቹ ላይ ያለው ዓመት የቡድሃ ዘመን ነው፤ ከአውሮፓው በ543 ይቀድማል፤ የልደት ወረቀት ሲያስተረጉም በሰባትና በስምንት ዓመት ልዩነት የተንገላታ ኢትዮጵያዊ ትርጉም ቤት የሚሠራው ስሕተት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ይረዳዋል። አሁን ነገሩን ገልብጠን እንየው። ታይ ወንድ ያገባች የውጭ አገር ሴት 400,000 ባት አትጠየቅም። ዜግነት ስትጠይቅም የሚስትነት መንገድ ለብቻው ተከፍቶላታል፤ ባልየው ግን በ2008ቱ ማሻሻያ ከአምስት ዓመት ነዋሪነትና ከታይ ቋንቋ ችሎታ ነፃ ቢደረግም መደበኛ ሥራ ሊኖረው ይገባል፤ ጡረተኛ ከዚያ ደጃፍ ይመለሳል። የ1913ቱ አሳብ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል፤ የመጣችው ሚስት ቤተሰብ ናት፣ የመጣው ባል እንግዳ ነው።

በዚህ ክርክሬ ላይ ሁለት ጠንካራ መቃወሚያዎች አሉ። አንደኛው፣ የውሸት ጋብቻ አለ፤ ለቪዛ ሲባል የሚገዛ ፊርማ አለ፤ መንግሥት መጠየቅ አለበት ይላል። እውነት ነው፤ ፎቶውና የጎረቤት ምስክርነቱ ለዚህ ይረዳሉ፣ በእነሱ ላይ ክርክር የለኝም። የባንክ ደብተር ግን ትዳርን ከውሸት አይለይም፤ እንዲያውም ሐሰተኛው ባል ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ለሁለት ወር የሚያበድረው አያጣም። ሁለተኛው መቃወሚያ ከፍ ያለ ነው፤ ገንዘቡ ሴቲቱን ይጠብቃታል፣ አገሪቱ ድሃ ሴቶቿ በማይጦሩ ሰዎች እንዲጣሉ መፍቀድ የለባትም ይላል። ይህን አሳብ አከብረዋለሁ፤ የጦርነቱ ዘመን ከተሞች የከፈሉት ዋጋ ከኋላው አለ። ነገር ግን ጥበቃ ቢሆን ኖሮ የሷ ገቢ በተቆጠረላት ነበር። ኢሚግሬሽንን የሚያስተዳድረው ፖሊስ በ2006 ያወጣው ትእዛዝ በእርግጥ የባልንና የሚስትን ገቢ በአንድ ላይ ይቆጥር ነበር፤ በ2008 መጨረሻ የወጣው ግን ሸክሙን ወደ ባል ብቻ መለሰው። አስተማሪ ወይም ነርስ የሆነች፣ ቤቱን በደመወዟ የምታስተዳድር ሚስት በዚያ ፋይል ውስጥ እንደሌለች ትቆጠራለች። የድንበር ማዶ ድሆችንም ማሰብ ይገባል። ኮይ ሁሉ ፋራንግ አይደለም፤ ከምያንማር፣ ከላዎስና ከካምቦዲያ መጥተው ታይ ሴት ያገቡ ሠራተኞች አሉ። በቀን 350 ባት ገደማ በሆነ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ በወር 26 ቀን የሠራ ሰው አንዲት ባት ሳያወጣ 400,000 ለማጠራቀም ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። ለእሱ የትዳር ቪዛ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር ነው፤ የሚኖረው በሥራ ፈቃዱ ነው፣ ሥራውን ያጣ ቀን ከሚስቱ ጋር የመኖር መብቱንም ያጣል።

ታይ ሚስት ወደ ባሏ አገር ስትሄድ የባሰ ይገጥማታል የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው። ብሪታንያ በ2012 ሚስቱን ወይም ባሏን የሚያመጣ ሰው በዓመት 18,600 ፓውንድ ገቢ እንዲኖረው ጠየቀች፣ በ2024 ወደ 29,000 ከፍ አደረገችው። ይህ ግን የታይላንድን ሥርዓት ትክክል አያደርገውም፤ አውሮፓ ያበደረችውን አሳብ ብሪታንያም በገንዘብ ተርጉማ እንደያዘችው ነው የሚያሳየው። ልዩነቱ ብሪታንያ ቢያንስ ወንድና ሴትን በአንድ ቁጥር መለካቷ ነው።

በጥር 2025 ታይላንድ የጋብቻ እኩልነት ሕግን ሥራ ላይ አዋለች፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ «ባልና ሚስት» የሚለው ቃል «የትዳር አጋሮች» በሚል ተተካ፤ በሌሎች ሕጎች ባልና ሚስት የተባለውም አዲሶቹን ተጋቢዎች እንዲጨምር ተደነገገ። ድንጋጌው ግን አንድ ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል፤ ሌላ ሕግ ለባልና ለሚስት የተለያየ መብት የሰጠ እንደሆነ አይነካም። የ1965ቱ የዜግነት ሕግ «የውጭ አገር ሴት» የሚልበት አንቀጽና የፖሊሱ ትእዛዝ «ታይ ሴት ያገባ» የሚልበት መስመር የዚያ ዓይነት ናቸው። በጥር መጨረሻ በባንኮክ ወረዳዎች ከተመዘገቡት ጥንዶች መካከል አንዱ የውጭ አገር ሰው የሆነ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች ፋይላቸውን ይዘው ወደ ኢሚግሬሽኑ መስኮት ሲቀርቡ፣ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው መኮንን በመጀመሪያ የሚወስነው ነገር በ1913 የተጠየቀው ያው ነው፤ ከሁለቱ ወደ ማን ቤት ማን ገባ።