የቄሱ ጀልባ

ልጆች ሳለን ወንዝ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ እየመረጥን ውሃው ላይ እናስዘልል ነበር። ድንጋይ ከባድ ነው፣ ይሰምጣል፤ በፍጥነት ከተወረወረ ግን ውሃው ወለል ይሆንለታል። ሦስት አራት ጊዜ ነጥሮ ፍጥነቱ ሲያልቅ ድንጋይነቱ ትዝ ይለውና ይወርዳል። ሃይድሮፕሌን የሚባለው የእሽቅድድም ጀልባ ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ ውሃውን እየሰነጠቀ ሳይሆን በላዩ እየተንሸራተተ ይሄዳል።

ታሪኩን ከአንድ ቄስ ልጀምር። ቻርልስ ሚድ ራመስ በእንግሊዝ አገር የገጠር ደብር አስተዳዳሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1872 ለባሕር ኃይል መሥሪያ ቤቱ አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ የመርከብ ሆድ በሁለት ተከታታይ ሽብልቆች ቅርጽ ቢሠራ፣ ሲፈጥን ከውሃው ከፍ ይላል የሚል። መሥሪያ ቤቱ “አባ፣ ቅዳሴዎን ይቀድሱ” ብሎ አላሰናበታቸውም። ነገሩን ለመሐንዲሱ ለዊልያም ፍሩድ መራው።

ፍሩድ ቶርኪ በምትባል ከተማ 85 ሜትር ገደማ የሚረዝም ገንዳ ሠርቶ፣ ትንንሽ የመርከብ ሞዴሎችን እየጎተተ የውሃውን ትግል የሚለካ ሰው ነበር። የቄሱንም ጀልባ በሞዴል ሠርቶ ጎተተ። እውነትም በጣም ሲፈጥን ከፍ አለ። ሒሳቡን ወደ ትልቅ መርከብ ሲያሸጋግረው ግን አልሆን አለ፤ ለዚያ ፍጥነት የሚያስፈልገው ጉልበት በዘመኑ የእንፋሎት ሞተር የሚገኝ አይደለም፣ ሞተሩ ራሱ ሸክም ነው። ፍርዱ “አይሆንም” ሆነ።

ታዲያ ማን ተሳሳተ? ማንም! የጎደለው ቀላል ሞተር ነበር። የቤንዚን ሞተር መጣና በ1912 ሆዷ በደረጃ የተሠራች ሜፕል ሊፍ 4 የሃርምስወርዝን ዋንጫ ለእንግሊዝ ወሰደች። በ1930ዎቹ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አፔል የተባሉ አባትና ልጅ ጀልባዋን በሦስት ነጥብ አቆሟት፤ ከፊት በግራና በቀኝ ሁለት እግሮች፣ ከኋላ ጭራዋ። በ1950 ስሎ-ሞ-ሹን 4 ሲያትል አጠገብ ባለው የዋሽንግተን ሐይቅ ላይ በሰዓት 258 ኪሎ ሜትር ከነፈች። ጭራዋም ተነሥቶ፣ ከኋላ ውሃ የሚነካው የፕሮፔለሩ ግማሽ ብቻ ነበር።

ይህንኑ በክንድ በምትለካ ጀልባ የሚሞክሩም አሉ። ለንደን ቪክቶሪያ ፓርክ ውስጥ ያለው የሞዴል ጀልባ ክለብ የተቋቋመው በ1904 ነው። የሞዴል ተወዳዳሪዎች ኩሬ መካከል ምሰሶ ተክለው ጀልባዋን በሽቦ ያስሩና ያሽከረክሯታል። ዋናው ሥራ ግን ከሩጫው በፊት ያለው ማስተካከል ነው፤ ክብደቱን ትንሽ ወደፊት፣ ፕሮፔለሩን ለአመል ያህል ዝቅ። አፍንጫዋ ካቀረቀረ ውሃው ይይዛታል፤ ከልክ በላይ ቀና ካለ ደግሞ አየሩ ያነሣትና ትገለበጣለች።

ሞዴል ቢገለበጥ ይጠገናል። ዶናልድ ካምቤል ግን ጃንዋሪ 4 ቀን 1967 ኮኒስተን ሐይቅ ላይ በብሉበርድ የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ 480 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ጨረሰ። ሕጉ የደርሶ መልስ ነውና ዞረ። ያስነሣው ማዕበል እስኪረጋ አልጠበቀም። አፍንጫዋ ተነሣ፤ ጀልባዋ ተገለበጠች፤ ሞተ። አስከሬኑ የተገኘው በ2001 ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ለጀልባ ብዬ አይደለም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ያልተለመደ ሐሳብ ይዞልኝ መጣ። በቀይ እስክሪብቶ “አይሆንም” ብዬ መለስኩለት። ምናልባት ልክ ነበርኩ። ፍሩድም ልክ ነበር። ልዩነታችን እሱ ገንዳ ውስጥ ጎትቶ፣ ለክቶ፣ የሚጎድለው ምን እንደሆነ መናገሩ ነው። እንዲህ ያለ “አይሆንም” የጎደለው እስኪሟላ ብቻ የሚዘጋ በር ነው። የእኔ ግን አንዲት ቃል ነበረች። ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና “እሺ ጋሼ” ብሎ ወጣ። ምን እንደጎደለው እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።