በደድሊ ስለ ተጀመረው የሥዕል ትምህርት

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ወይዘሪት ማሪዮን ሪቻርድሰን በእንግሊዝ አገር በደድሊ ከተማ በሚገኘው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት መምህርት ሆነው በገቡበት ዘመን፣ የሥዕል ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ከፊት የተቀመጠውን ነገር መስመሩን ሳያዛንፉ መገልበጥ ነበር፤ ፍርዱም የመምህሩ ብቻ። መገልበጥን አልንቅም፤ እጅን ያለማምዳልና፤ ዳኝነትን ግን አያስተምርም። እኒህ ሴት አንድን ትርኢት በቃል እየተረኩ፣ ተማሪዎቻቸውንም ዓይናቸውን አስጨፍነው፣ በኅሊናቸው የተሣለውን ምስል በቀለም እንዲያወጡት ያደርጉ ነበር፤ ሥራውም በተፈጸመ ጊዜ ሠሪዋ ራስዋ ሥዕሉን በኅሊናዋ ካየችው ጋር አስተያይታ የሰመረውንና የጎደለውን እንድትመረምር ይተዉላት ነበር። የኅሊናን ምስል ከባለቤቱ በቀር ማን አይቶት ይፈርዳል? ጉድለቱን ራሷ ያወቀች ልጅም የሚቀጥለውን ሥራዋን ዓላማ ከሌላ አትለምንም።

በ1917 ሐያሲው ሮጀር ፍራይ ሥዕሎቹን አይተው እጅግ ስለ ተደነቁ በለንደን ለሕዝብ አሳዩአቸው። ወይዘሪት ሪቻርድሰን በ1930 የለንደን ትምህርት ቤቶች የሥዕል ተቆጣጣሪ ሲሆኑ ዘዴው ወደ ታናናሾቹ ሕፃናት ወረደ፤ በ1938ም የእነዚሁ ሕፃናት ሥራ በከተማው ምክር ቤት አዳራሽ ለትርኢት ቀረበ። ስለ ሥዕልና ስለ ሕፃናት የጻፉት መጽሐፍ ግን የታተመው ካረፉ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1948 ነው።