ነሐስና ሽቦ፦ የኤሌክትሮኒክ ሲምባል ታሪክ

ስለ ድራም ሲነሣ በአብዛኛው ሰው ኅሊና የሚመጣው የተወጠረው ከበሮ እንጂ በላዩ ተንጠልጥሎ የሚያብለጨልጨው የነሐስ ሳህን አይደለም። ይሁን እንጂ ካለፈው መቶ ዓመት ወዲህ የጃዝንና ከእርሱ የተወለዱትን የሙዚቃ ዓይነቶች ምት ተሸክሞ የሚጓዘው በአመዛኙ ይኸው ሳህን ነው። ከበሮውን ወደ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያነት መለወጥ በጥቂት ዓመታት የተከናወነ ሥራ ሲሆን፣ ሲምባሉን፣ በተለይም በእግር የሚከፈተውንና የሚዘጋውን ሃይ ሃት መለወጥ ግን ከአርባ ዓመት በላይ ፈጅቶም ገና አልተቋጨም። ዛሬ ከአንዱ ፋብሪካ ሞጁል የተባለውን የድምፅ ሣጥን፣ ከሌላው ፋብሪካ ደግሞ ሲምባሎቹን ገዝቶ አንድ ላይ የሚሰካ ድራመኛ፣ የአንዱ ሳህን ጉልላት ዝም ሲልበት ወይም ሃይ ሃቱ አልዘጋ ሲለው የሚገጥመው ችግር ምንጩ በዚሁ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ይገባል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይህን መሣሪያ ጸናጽል ይለዋል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ላይ ሊቃውንቱ የሚይዙት ጸናጽል ግን እየተነቀነቀ የሚንሿሿ እንጂ በበትር የሚመታ ሳህን ስላልሆነ፣ ሁለቱን ላለማደባለቅ የባንድ ሙዚቀኞች የሚጠሩበትን «ሲምባል» የሚለውን ቃል መያዝ ይሻላል። የሲምባል ሥራ ከተነሣ ደግሞ ቁስጥንጥንያ ሳትነሣ አትቀርም። አቬዲስ የተባለው አርመናዊ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዚያች ከተማ ከመቶ 80 እጅ መዳብና 20 እጅ ቆርቆሮ የሆነ ቅይጥ ሠርቶ፣ ከሱልጣኑ ዘንድ «ዚልጂያን»፣ ማለትም ሲምባል አንጥረኛ፣ የሚል ስም ተሰጠው። የቤተሰቡ ድርጅት መመሥረቻውን በ1623 ይቆጥራል፤ በ1929 ሥራው ወደ አሜሪካ፣ ወደ ማሳቹሴትስ ተሻገረ።

ሃይ ሃት የኋላ ዘመን ልጅ ነው። በ1920ዎቹ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ሲምባሎችን ከወለሉ እምብዛም ሳይርቁ በፔዳል የሚያጋጭ መሣሪያ ተሠራ፤ ቀጥሎም ቋሚው ረዝሞ ሳህኖቹ በበትር ለመመታት ወደሚያመች ከፍታ ወጡ። በ1930ዎቹ በካውንት ቤዚ ኦርኬስትራ የተጫወተው ጆ ጆንስ ምቱን ከትልቁ የእግር ከበሮ አንሥቶ በሃይ ሃት ላይ አኖረው። በ1940 ገደማ ኬኒ ክላርክ ምቱን ወደ ራይድ ሲምባል አሳለፈው። ከዚያ ወዲህ የድራመኛው ግራ እግር ሥራ ፈት አልሆነም፤ ሳህኖቹን ጥብቅ አድርጎ ይዘጋል፣ ገርበብ ያደርጋል፣ ይለቃል፣ አንዳንዴም አጋጭቶ ወዲያው በመክፈት ረዘም ያለ ድምፅ ያወጣል። በተዘጋና በተከፈተ መካከል ያለው ይህ ስፍር የሌለው ደረጃ ነው መሐንዲሶቹን ለብዙ ዓመታት ያስቸገራቸው።

የኤሌክትሮኒክ ከበሮ ሙከራ በ1970ዎቹ ተጀመረ። የሙዲ ብሉዝ ድራመኛ ግሬም ኤጅ በ1971 በታተመ ሸክላ ላይ እንዲህ ያለ መሣሪያ ተጫውቷል፤ በ1976 ጆ ፖላርድ ሲንድረም የተባለውን አወጣ። ዝናን ያተረፈው ግን በ1981 ከእንግሊዝ የወጣው ሲሞንስ ኤስ ዲ ኤስ 5 ነው። ባለ ስድስት ማዕዘን ሰሌዳዎቹ በዘመኑ የቴሌቪዥን መድረኮች ሁሉ ላይ ይታዩ ነበር፤ ጠንካራ ፕላስቲክ ስለሆኑም የብዙ ድራመኞችን የእጅ አንጓ አሳመዋል። ለዚህ ታሪክ ይበልጥ የሚጠቅመው ከሰሌዳዎቹ በላይ የነበረው ነገር ነው፤ አያሌ ድራመኞች በኤሌክትሮኒክ ከበሮው ላይ ያው የጥንቱን ነሐስ ሰቅለው ይጫወቱ ነበርና። ለሲሞንስ የሃይ ሃትና የሲምባል ድምፅ የሚሰጡ ክፍሎች ተሠርተው ነበር፤ ድምፃቸው ግን ከጩኸት ብዙ የተለየ ስላልነበረ ነሐሱን ከቦታው ሊያነሡት አልቻሉም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የከበሮ ድምፅ አጭር ሆኖ በአንድ ቃና ዙሪያ የሚሰበሰብ ሲሆን፣ ሲምባል ሲመታ እጅግ ብዙ የተለያዩ ንዝረቶች በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ እነዚህም እየተለዋወጡ ለረጅም ሰከንዶች ይቆያሉ። ሮጀር ሊን በ1980 የእውነተኛ ከበሮ ድምፅ ቀርጾ በማስታወሻ ቺፕ ውስጥ ያስቀመጠበትን ኤል ኤም 1 ሲያወጣ፣ የመሣሪያው ዋጋ ወደ 5,000 ዶላር የተጠጋ ሆኖ ሳለ አጭሩን ሃይ ሃት እንጂ ረጅሙን ክራሽና ራይድ አላካተተም፤ የማስታወሻ ቺፕ ውድ ነበርና። እነርሱ የገቡት በ1982 በወጣው ሊንድረም ላይ ነው። የጃፓኑ ሮላንድ በ1980 ባወጣው ቲ አር 808 ላይ ስድስት የሞገድ አመንጪዎችን እርስ በርስ በማይስማማ ቃና አደባልቆና አጣርቶ ሲምባል ለመምሰል ሞከረ። በ1983 ቲ አር 909 ሲመጣ ግን ከበሮዎቹ እንደ ፊተኛው በኤሌክትሪክ ሲፈጠሩ፣ ሃይ ሃቱና ሲምባሎቹ ከእውነተኛ ነሐስ ተቀርጸው ገቡ። ይህም ነሐስን በሽቦ መተካት እንዳልተቻለ በፋብሪካው በራሱ የተሰጠ ምስክርነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው በ1983 በሙዚቃ መሣሪያዎች ታሪክ ታላቅ የሚባል ስምምነት ተፈጸመ። የሮላንዱ ኢኩታሮ ካኬሃሺና አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝ ዋና አንቀሳቃሾች የሆኑበት ሚዲ የተባለው የጋራ ቋንቋ፣ የአንዱ ፋብሪካ መሣሪያ ከሌላው ጋር እንዲነጋገር አስቻለ። በ1991 በጸደቀው ተጨማሪ ደንብም የተዘጋ ሃይ ሃት ቁጥር 42፣ በፔዳል የተጋጨ 44፣ የተከፈተ 46 ሆነው ተመደቡ። ለግራ እግር የተሰጡት ሦስት ቁጥሮች ብቻ መሆናቸው ያሳዝናል፤ በመካከል ያለውን ደረጃ ለመግለጽ ብዙ ሞጁሎች ከ0 እስከ 127 የሚቆጥረውን አራተኛውን የሚዲ መቆጣጠሪያ ይጠቀማሉ። ነገር ግን ሚዲ የሚናገረው ከሞጁሉ ወደ ውጭ ነው። ከሳህኑ እስከ ሞጁሉ ባለው ሽቦ ላይ የሚጓዘው ቋንቋ ሳይሆን ጥሬ ቮልቴጅ ሲሆን፣ ስለዚህች አጭር ሽቦ ማንም ከማንም ጋር አልተስማማም። ሚዲን ያዋለዱት በዋናነት የኪቦርድ ሠሪዎች ነበሩ፤ የድራም ሰሌዳና ሞጁል ደግሞ እንደ አንድ ዕቃ ይሸጡ ስለነበር ገዢው ወደ ሌላ ሱቅ እንዳይሄድ ማድረጉ ለነጋዴው ጥቅም እንጂ ጉዳት አልነበረውም።

እንግዲህ የሽቦው ነገር እንዲህ ነው። በሳህኑ ሥር ፒዬዞ የተባለ ስስ ክብ ነገር ይለጠፋል፤ ሲመታ ቮልቴጅ ያመነጫል፣ የምቱ ኃይል በጨመረ ቁጥርም ቮልቴጁ ይጨምራል። በጠርዙ ዙሪያ ሲጫኑት የሚገናኝ ስዊች ይዘረጋል፤ ድራመኛው ጠርዙን በጣቱ ጨብጦ ድምፁን የሚያፍነውም በዚሁ ነው። የ6.35 ሚሊ ሜትሩ መሰኪያ ሦስት መገናኛዎች አሉት፤ ጫፉ የፒዬዞውን፣ ቀለበቱ የስዊቹን መልእክት ይወስዳል፣ የቀረው መመለሻ ነው። እስከዚህ ድረስ ብዙዎቹ ይስማማሉ። ገላውን፣ ጠርዙንና ጉልላቱን ለየብቻ የሚያሰማ ራይድ ሲመጣ ግን መንገዱ ተለያየ። ሮላንድ ሁለት ሽቦ ሲዘረጋ፣ ያማሃ በአንድ ሽቦ ላይ ጠርዙንና ጉልላቱን በተለያየ ሬዚስታንስ፣ ማለትም የኤሌክትሪክን ፍሰት በሚገድብ ኃይል፣ ይለያቸዋል። ከዚህም የተነሣ የአንዱን ራይድ በሌላው ሞጁል ላይ የሚሰካ ሰው ብዙውን ጊዜ ገላውንና ጠርዙን ያገኛል፤ ጉልላቱ ግን ዝም ይለዋል። በጠርዙ ላይ በስዊች ፈንታ ሁለተኛ ፒዬዞ ያላቸው ሳህኖችም አሉ፤ ስዊች የሚጠብቅ ሞጁል እነዚህን አይሰማም።

በሃይ ሃት ላይ ጉዳዩ ይከፋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ሬዚስታንሱ ይለዋወጣል፤ ነገር ግን በአንዱ ፋብሪካ ፔዳል ሲቀንስ በሌላው ይጨምራል፣ አንዱ ለውጡን በመሰኪያው ጫፍ ሲልክ ሌላው በቀለበቱ ይልካል። ያልተጣጣመ ፔዳል የተሰካበት ሃይ ሃት እግር ሲነሣ የሚዘጋ፣ ሲረገጥ የሚከፈት ይሆናል፤ ወይም እስከ ጨዋታው ፍጻሜ ድረስ እንደተከፈተ ይቀራል። ለዚህ ተብሎ ጫፉንና ቀለበቱን የሚያቀያይር አጭር ሽቦ በራሳቸው የሚበይዱ ድራመኞች ጥቂት አይደሉም።

ሮላንድ በ1997 በወንፊት መሰል ጨርቅ የተወጠረ ከበሮ ያለውን ቲ ዲ 10 ሲያወጣ ከበሮው ወደ ተፈጥሮ ስሜቱ ተመለሰ፤ የሚወዛወዝ የላስቲክ ሲምባል በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተከተለ፤ በመደበኛ ቋሚ ላይ የሚቀመጥ ባለ ሁለት ሳህን ሃይ ሃት ደግሞ በ2004 ከቲ ዲ 20 ጋር መጣ። ዋጋቸው ግን ከብዙ ሙዚቀኛ አቅም በላይ ነበር። ከልዩ ልዩ ፋብሪካ አሰባስቦ መሥራት የተስፋፋውም በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ አሠራሩ በልምድ ሥርዓት ይዟል። በመጀመሪያ በሞጁሉ ዝርዝር ውስጥ ካሉት የሳህን ዓይነቶች በሽቦ አሠራሩ ለተሰካው የሚቀርበው ይመረጣል፤ ስሙ ባይገጥምም ግድ የለም። ቀጥሎ ሃይ ሃቱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ ከዚያም በተለመደው የእግር ክብደት ተረግጦ ሁለቱ ዳርቻዎች ለሞጁሉ ይነገሩታል። እዚህ ላይ እግርን ከልክ በላይ መጫን ጉዳት አለው፤ ሞጁሉ ያን ጫና የመዘጋት ልክ አድርጎ ስለሚይዝ በጨዋታ መካከል ሳህኑ መቼም በደንብ አይዘጋም። ለስላሳ ምት ሳይጠፋ ብርቱውም ጣሪያ ሳይነካ እስኪሰማ ድረስ ስሜታዊነቱ ይስተካከላል። በመጨረሻም በአንድ ቋሚ ላይ የተሰቀሉ ሳህኖች አንዱ ሲመታ ሌላው ባልተመታበት እንዳይጮኽ የሚከለክለው መጠን ጥቂት በጥቂት ይጨመራል፤ ከበዛ እውነተኛውን ምት ይውጣልና።

በ2016 ቲ ዲ 50 ከተባለው ሞጁል ጋር በመጣው ራይድ ላይ ፒዬዞና ሬዚስታንስ በአሮጌው መሰኪያ መነጋገራቸው ቀረ፤ ሳህኑ የራሱን ስሌት ሠርቶ በኮምፒዩተር ሽቦ መልእክት ይልካል፣ ጣት ሲያርፍበትም ያውቃል። ሆኖም መልእክቱን የሚረዱት የዚያው ፋብሪካ ሞጁሎች ናቸው፤ ጫፍና ቀለበት ለማቀያየር እንኳ ቦታ የለውም። በ2024 ደግሞ ዚልጂያን የራሱን ኤሌክትሮኒክ ድራም ለገበያ አቀረበ። ከበሮዎቹ በወንፊት ጨርቅ የተወጠሩ ሲሆኑ፣ ሲምባሎቹ ግን ድምፃቸው እንዲቀንስ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሱ የብረት ሳህኖች ናቸው።