የተረፈ ደን ወይስ የተሠራ ደን? የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችና የአጥቢያው ድርሻ

በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር ስላሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ባለፉት ሃያ ዓመታት ከተጻፈው አብዛኛው የሚነሣው ከአንድ ሐሳብ ነው፤ ደኖቹ በአንድ ወቅት ደጋውን ሁሉ ሸፍኖ ከነበረ ሰፊ የተፈጥሮ ደን የተረፉ ቅሪቶች ናቸው፣ የተረፉትም እግዚአብሔርን መፍራት መጥረቢያውን ስላስቆመው ነው የሚል። ሐሳቡ ለጆሮ የሚጥም በመሆኑ በሳይንሳዊ መጽሔትም በዘጋቢ ፊልምም ሲደጋገም ቆይቷል፤ ከእርሱ የሚከተለው የእርዳታ መርሕ ግን እምብዛም አልተመረመረም። ደኑ ቅሪት ነው ከተባለ የመንደሩ ሰው ወይ ጠባቂ ነው ወይ ሥጋት፣ ሠሪ ግን ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህም ለቅርሱ የሚሰጠው ድጋፍ በመጨረሻ ሰውንና ከብትን ከደኑ ወደ መለየት ያመራል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደን በዋነኛነት አጥቢያው፣ ማለትም በአንድ ታቦት ዙሪያ የተሰበሰበው ምእመንና የሚያገለግሉት ካህናት፣ እየተከለ፣ እየቆረጠና እየጠገነ ያቆየው ቅርስ በመሆኑ፣ እንዲያገግም የሚፈልግ ወገን መደገፍ ያለበት ይህንኑ ሥራ ነው።

በሰፊው የደን ታሪክ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ከጥቂት ትውልድ በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ መሬት በደን ተሸፍኖ ነበር የሚለው ተደጋጋሚ ቁጥር በማስረጃ የማይደገፍ መሆኑን አሳይተዋል፤ ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸውም እ.ኤ.አ. በ1868 የናፒየር ዘመቻ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ከዛሬው ገጽታ ጋር አስተያይተው የሰሜኑ መልክዐ ምድር ከያኔው ይልቅ ዛሬ ዛፍ የበዛበት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2009 አስነብበዋል። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። የሚያስገርመው ስለ ቤተ ክርስቲያን ደን የሚጽፉት ሰዎች ይህንኑ እያወቁ የቅሪቱን ሐሳብ እንዳለ ይዘው መቀጠላቸው ነው።

ከእነዚህ መካከል ዋነኛው፣ በጉዳዩም ላይ ከማንም በላይ የደከሙት፣ ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ለስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን የደን ጥበቃ አቅምና ችግር ከደቡብ ጎንደር አንጻር መርምረዋል፤ በ2007 በኔዘርላንድስ ዋኅኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባጠናቀቁት የዶክትሬት ሥራ ደግሞ ስፋታቸው ከ2 ሄክታር ከማይሞላ አንሥቶ እስከ 100 ሄክታር የሚደርስ 28 ደኖችን ፈትሸው 168 የእንጨት ዝርያዎችን፣ ማለትም 100 ዛፎችን፣ 51 ቁጥቋጦዎችንና 17 ሐረጎችን መዝግበዋል። ይህ ቆጠራ ራሱ ትልቅ ውለታ ነው፤ ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጥቁር እንጨት በየትኛው ከፍታና በየትኛው አጥቢያ እንደሚገኙ ማወቅ የተቻለው በእርሱ ነው። ክርክሩ በቆጠራው ላይ ሳይሆን ቆጠራው ምን ያስረዳል በሚለው ላይ ነው። በዶ/ር ዓለማየሁ አተያይ ደኖቹ የጥንቱ የደጋ ደን ቅሪቶች፣ ዙሪያውን ያለው የተራቆተ መሬት ወደፊት መልሶ ሲለማም የዘር ምንጭ የሚሆኑ ደሴቶች ናቸው፤ ዋነኛ ጠላታቸውም ልቅ ግጦሽ ነው።

ይሁንና የቅሪቱን ሐሳብ ከማንም በላይ የሚፈታተነው የራሳቸው የዶ/ር ዓለማየሁ ማስረጃ ነው። ከደምል ተከታይ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት በቤተ ክርስቲያን ደኖች አፈር ውስጥ ተቀብሮ ጊዜውን የሚጠብቅ ዘር፣ የዕፅዋት ተመራማሪዎች የአፈር የዘር ክምችት የሚሉት፣ ከአብዛኞቹ ነባር ዛፎች ወገን እጅግ አነስተኛ ሆኖ እንደተገኘ ዘግበዋል፤ ስለዚህ ዛፉ አንዴ ከጠፋ ከአፈሩ ራሱን ሊተካ አይችልም። ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሙከራ ደግሞ ከብት እንዳይገባ በታጠረ ቦታ ችግኝ የተሻለ ሲበቅልና ሲጸድቅ፣ ከብት በሚረግጠው ቦታ ግን ሲመናመን ታይቷል። እነዚህን ሁለት ግኝቶች አንድ ላይ ያነበበ ሰው አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። ደጋው የበሬና የማረሻ አገር ከሆነ እጅግ ብዙ ዘመን አልፏል፤ አፈሩ ዘር ካላስቀመጠ፣ ከብቱም የበቀለውን ከረገጠ፣ ደኑ በራሱ ተፈጥሯዊ ዑደት ብቻ እስከ ዛሬ ሊቆይ አይችልም ነበር። በየትውልዱ ችግኝ ያጠረ፣ ጥጃ ያባረረ፣ የወደቀውን ጥድ በሌላ ጥድ የተካ ሰው ነበረ ማለት ነው፤ ይህም ሰው በአጥቢያው ሥርዓት ውስጥ ስም አለው። ገበዝ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቀው ቄስ፣ የትኛው ዛፍ ለምሰሶ፣ የትኛው ለበር እንደሚቆረጥ ከካህናቱና ከሽማግሌዎች ጋር ሲመክር፣ ያለ ፈቃድ የቆረጠውም በግዝት ሲያዝ የኖረ ባለሥልጣን ነው።

ደኑ የማይነካ ሳይሆን በሥርዓት የሚነካ መሆኑን ለመረዳት የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃዎች ማየት ይበቃል። መቋሚያው ከወይራ፣ ከበሮው ከዋንዛ ይሠራል፤ የክቡ ቤተ ክርስቲያን ምሰሶና ማገር ጥድና ወይራ ይፈልጋል፤ ለሰንበቴና ለዓመታዊው ክብረ በዓል የሚነድደው ጭራሮ ከግቢው ይለቀማል፤ የአብነት ተማሪዎች፣ ማለትም ከየአገሩ ለዜማና ለቅኔ ትምህርት የሚመጡት ወጣቶች፣ ጎጇቸውን የሚቀልሱት በዚያው ጥላ ሥር ነው። ሕንፃውና ደኑ ሁለት ቅርሶች ሆነው በሁለት መሥሪያ ቤት መዝገብ የሚያዙት በባለሙያዎች ዘንድ ነው እንጂ በአጥቢያው ዘንድ አንዱ ያለ ሌላው አይጠገንም።

እስካሁን ተገቢው ትኩረት ያልተሰጠው ማስረጃ ደግሞ ከአየር የተነሣው ፎቶግራፍ ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን የጦር ሠራዊቱ የካርታ ድርጅት አብዛኛውን የሰሜኑን ክፍል በአውሮፕላን አንሥቶ፣ ፎቶግራፎቹን 50 ሳንቲ ሜትር በ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆኑ ሰሌዳዎች ላይ ለጥፎ ነበር፤ በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተነሣ አንድ ምስል፣ በጎንና በጎኑ ሁለት ዘንበል ያሉ፣ አንድም አድማስ ድረስ የሚያሳይ ይገኛል። እነዚህ 8281 ሰሌዳዎች አዲስ አበባ በኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ተቀምጠው ለብዙ ዓመታት ከተረሱ በኋላ፣ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው አውጥተው እ.ኤ.አ. በ2016 ለምርምር ዓለም አስተዋውቀዋቸዋል። በዓመቱ ፒተር ስከልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. የ1938ቱን ምስሎች ከዘመናችን የሳተላይት ምስሎች ጋር ሲያስተያዩ የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያኔም ተነጣጥለው የቆሙ እንደነበሩ፣ ጠርዛቸውም በአመዛኙ እስከ ዛሬ እንደጸና፣ የጠፋው ይልቁንም በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦና ዛፍ ጣል ጣል ያለበት ግጦሽ መሆኑ ታየ። ተመራማሪዎቹ ግኝቱን ያነበቡት በዋናነት እንደ ጽናት ምስክር ነው፤ ነገር ግን ከዚህ የላቀ ነገር ይናገራል። በዙሪያው ያለው ሁሉ ሲለዋወጥ ጠርዙ ሳይነቃነቅ የቆየ ደን እየተመናመነ ያለ ቅሪት ሳይሆን ዳር ድንበሩ ታውቆ የተያዘ ርስት ነው።

ይህ ጽናት በ1967 ዓ.ም. ከደረሰው ለውጥ ጋር ሲታይ ይበልጥ ያስገርማል። የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያንን ለዘመናት ካህናቷን ያስተዳደረችበትን መሬት አሳጣት፤ በብዙ ቦታ በአጥቢያው እጅ የቀረው ግቢውና ደኑ ብቻ ሆነ። በባሕር ዛፍ ላይ የሚነሣውን ክስ ከዚህ ለይቶ ማየት አይቻልም። ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል፣ ነባሩን ዝርያ ያፈናቅላል፣ የቅዱሱን ደን መልክ ያበላሻል ይባላል፤ ሥነ ምኅዳራዊው ክስ በከፊል ትክክል ነው። ቢሆንም ባሕር ዛፉ መሬቱን ያጣው አጥቢያ በጀት ነው፤ ጣራ የሚከደነው፣ ለካህናቱ ጥቂትም ቢሆን የሚሰጠው፣ ከእርሱ ሽያጭ ነው። ስለ ቅርስ ጥበቃ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርሱን በእጁ የያዘ ወገን በራሱ ወጪ እንዲንከባከበው ያስገድዳል፤ ጥገናውም አስቀድሞ የመንግሥቱን የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲያገኝ ይጠይቃል፤ ወጪው ከባለይዞታው አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን እንደሚችል ቢናገርም፣ ያ «ይችላል» በገጠር አጥቢያ ዘንድ ቆርቆሮ ሲገዛ አልታየም። ባሕር ዛፍ የሚያወግዝ ባለሙያ በእርሱ ፈንታ ምን እንደሚሸጥ አብሮ ሊናገር ይገባዋል። የሣር ክዳን በቆርቆሮ መተካቱን እንደ ቅርስ መርከስ የሚቆጥረው ልቅሶም እንዲሁ ነው፤ ለክዳን የሚሆነው ረጅም ሣር የሚታጨድበት ግጦሽ ታርሶ ካለቀ በኋላ ሣር ካልከደናችሁ ማለት ገበሬውን ከሌለ ነገር ማስገደድ ነው።

ዶ/ር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር በደኖቹ ዙሪያ ያስገነቡት የድንጋይ ካብ በዚህ መጣጥፍ ሲመዘን አስደሳች ተቃርኖ ይታይበታል። የገንዘቡ ከፊል ከባሕር ማዶ ቢመጣም ድንጋዩ ከአጎራባች ማሳ የተለቀመ፣ ጉልበቱም የአጥቢያው ነው፤ ካቡ ደኑን ከከብት ሲከልል ለገበሬው ደግሞ ማሳውን ከድንጋይ አጸዳለት። ሥራው የተሳካው እንግዲህ የቅሪቱ ሐሳብ በሚለው መንገድ፣ ሰውን በማራቅ፣ አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያንን በካብ መክበብ አጥቢያው ቀድሞ የሚያውቀው ልማድ ስለሆነ፣ ውሳኔውም በካህናቱና በሽማግሌዎች ፊት ስላለፈ ነው። ንድፈ ሐሳቡ ስለ ቅሪት ቢናገርም ተግባሩ ለሠሪው እውቅና ሰጥቷል።

በዚህ ንባብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው የ1938ቱ ፎቶግራፍ መነሻ አይደለም፣ ሰፊው ደን ከዚያ አስቀድሞ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ያልታየ ደን ነበረ የሚል ሰው ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም የራሱ ነው። ሁለተኛው የነባር ዝርያዎቹ ብዛት የተፈጥሮ ደን መሆኑን ያረጋግጣል ይላል፤ ዝርያው ነባር ነው ማለት ግን ቦታው ሰው አልነካውም ማለት አይደለም፤ የጓሮ ኮሶም ነባር ዝርያ ነው። ሦስተኛው የግጦሽ ሙከራውን ይጠቅሳል፤ ሙከራው የሚያረጋግጠው ችግኝ ኮቴ እንደማይወድ እንጂ ሰው ከደኑ መራቅ እንዳለበት አይደለም። እርግጥ ነው፣ ከ1000 በላይ የሚሆኑት የዞኑ ደኖች አንድ ዓይነት ታሪክ የላቸውም፤ በገደል ጥግ የቆሙና ከሰፊ ደን በእርግጥ የተከፈሉ ሊኖሩ ስለሚችሉ ድምዳሜውን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል።

ክርክሩ ከጽሑፍ ወጥቶ መሬት የሚነካው የካቡ መስመር የት ይለፍ ሲባል ነው። ደኑ እንዲሰፋ ከተፈለገ መስመሩ ከዛሬው ጠርዝ ወጣ ብሎ፣ በ1938ቱ ምስል ላይ ቁጥቋጦ በነበረበት ቦታ መሰመር አለበት፤ ያ ቦታ ግን ዛሬ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የወጣለት የገበሬ ማሳ ነው፣ ገበሬውም የዚያው አጥቢያ ልጅ ነው። የእያንዳንዱ አጥቢያ ሰሌዳ ቅጂ ታትሞ በሰበካ ጉባኤው፣ ማለትም ካህናትና ምእመናን በጋራ በሚመርጡት የአጥቢያው አስተዳደር ጉባኤ፣ ፊት ቢዘረጋ ማን ምን እንደሚለቅ፣ በምትኩ ከየት እንደሚሰጠው፣ ከባሕር ዛፉ ሽያጭ ስንቱ ለእርሱ እንደሚከፈል መመካከር ይቻላል። ካሳውን የሚቆርጠው ሰበካ ጉባኤው፣ መስመሩንም የሚያሰምረው ገበዙ ሲሆን፣ የረጂው ወገን ድርሻ ፎቶግራፉን ማሳተምና የገንዘቡን ጉድለት መሙላት ይሆናል።