ለማዳዋ ቀበሮና ባለዕዳዎቿ

በእኛ አገር ቀበሮ መልካም ስም የላትም። በተረቱ ሁሉ አታላይዋ እሷ ናት፤ ጻድቅ መስሎ ሰው የሚያጭበረብረውንም «የቀበሮ ባሕታዊ» እንለዋለን። ስሟን እንኳ በቅጡ አንጠብቅላትም። በባሌና በስሜን ተራሮች የሚኖረውን፣ እኛ «ቀይ ቀበሮ» የምንለውን አውሬ ሊቃውንቱ የሚመድቡት ከተኩላ ወገን ነው። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ እውነተኛዋ ቀበሮ፣ በተለይም ሰው እሷን ለማላመድ ስላደረገው ሙከራ ነው። ሲሰሙት የመዝናኛ ወሬ ይመስላል። ነገር ግን የተገደሉ ሰዎች፣ የተራቡ እንስሳትና እስካሁን ያልተከፈለ ዕዳ አለበት። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሁለቱ ትውውቅ የቆየ ነው። በሰሜን ዮርዳኖስ፣ ዑዩን አል ሐማም በሚባል ሥፍራ፣ አጥኚዎች 16,000 ዓመት ገደማ የሆነው መቃብር አግኝተዋል። ከሟቹ ጋር ቀበሮ ተቀብራለች። ይበልጥ የገረመኝ ግን መቃብሩ በዚያው በጥንቱ ዘመን ዳግም ተከፍቶ የሟቹ አጥንት ከፊሉ ወደ ሌላ ጉድጓድ ሲዛወር የቀበሮዋም አጥንት አብሮ መዛወሩ ነው። አንዳቸው ለሌላው ምን እንደነበሩ አጥንት አይናገርም። የሆነው ሆኖ ውሻ ከደጃችን ሲቀር ቀበሮ በዱሯ ቀረች።

ቀበሮን በአጥር ውስጥ አኑሮ መቀለብን ያስተማረን ገበያ ነው። በካናዳ፣ ፕሪንስ ኤድዋርድ አይላንድ በተባለችው ደሴት፣ ቻርልስ ዳልተንና ሮበርት ኦልተን የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1890ዎቹ ብርማ ቀበሮን ማርባት ቻሉ። ብርማ ቀበሮ ማለት ጸጉሯ ጠቁሮ ጫፉ የነጣ ተራ ቀይ ቀበሮ ናት። ሥራው ቀላል አልነበረም። ቀበሮ ቆፋሪ ስለሆነች የሽቦው አጥር ከመሬት በታች ካልተቀበረ አንድ ሌሊት አትቆይም፤ እናቲቱ ከደነገጠችም ግልገሎቿን ትገድላለች። ስለዚህ ጸጥታ፣ ስውር ጉድጓድና የማይለወጥ ጠባቂ ያስፈልጋታል። እነዚያ ሰዎች ይህን ሁሉ አሟሉላት፤ በ1910 ለንደን ላይ ለጨረታ የወጣው ቆዳቸው በአማካይ ከ1,300 ዶላር በላይ አወጣ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጥንድ የእርባታ ቀበሮ ከ10,000 ዶላር በላይ ይሸጥ ጀመር። በዚያ ገንዘብ የተሠሩት መኖሪያዎች ሰመርሳይድ በምትባለው ከተማ ዛሬም «የቀበሮ ቤቶች» ይባላሉ። መልካም አያያዝ ሁሉ ከርኅራኄ እንደማይመነጭ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

የእነዚያ ቀበሮዎች ዘር ባሕር ተሻግሮ ሶቪየት ኅብረት ገባ። የታሪኬ ዋና ሰው ዲሚትሪ ቤሊያየቭ ከቀበሮ ጋር የተዋወቀውም በዚሁ በጸጉራም ቆዳ ንግድ ነው። ወንድሙ ኒኮላይ የዘር ውርስ ተመራማሪ ነበር፤ በ1937 ተይዞ በጥይት ተደበደበ። በዚያ ዘመን ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል፣ ዕውቀቱ ከድፍረቱ ያነሰ ሰው፣ የስታሊንን ጆሮ ይዞ የዘር ውርስን ሳይንስ «የቡርዧ ቅዠት» አሰኝቶት ነበር። ከሰለባዎቹ አንዱን እኛም እናውቀዋለን። ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ራስ ተፈሪ ተቀብለውት፣ የስንዴያችንንና የገብሳችንን ዘር በየገጠሩ የለቀመ ሊቅ ነው። በ1940 ታሰረና በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። የዓለምን እህል ሲሰበስብ የኖረው ሰው የሞተው በረሃብ ነው።

ሊሴንኮ በ1948 የመጨረሻውን ድል ሲቀዳጅ ቤሊያየቭም ሞስኮ ውስጥ ከነበረው የክፍል ኃላፊነት ተነሣ። ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ ሳይቤሪያ፣ ኖቮሲቢርስክ ሄደ፤ በ1959ም በዚያ የተቋቋመውን የጄኔቲክስ ተቋም መምራት ጀመረ። በልቡ የያዘው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ውሻ፣ ላም፣ አሳማና ፈረስ በዱር ካሉት ዘመዶቻቸው የሚለዩት በአንድ ዓይነት ምልክት ነው። ቡራቡሬ ይሆናሉ፣ የአንዳንዶቹ ጆሮ ይወድቃል፣ ወቅት ሳይጠብቁ ይወልዳሉ። ይህ ሁሉ ከገራምነት ብቻ የመጣ ይሆን? መልሱን ለማግኘት ማርባትና መምረጥ ያስፈልጋል፤ ሊሴንኮ ደግሞ ገና ከነሥልጣኑ ነው። ስለዚህ ምርምሩ ለላይ አካል «የጸጉር እርባታን ማሻሻል» ተብሎ ቀረበ። መቼም ቀበሮን ለማጥናት የቀበሮን ብልሃት መዋስ ነውር አይደለም።

የዕለት ተዕለቱን ሥራ የያዘችው ሉድሚላ ትሩት የምትባል ወጣት ተመራማሪ ነበረች፤ በ2024 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስም ከቀበሮዎቹ አልተለየችም። 30 ወንድና 100 ሴት ቀበሮዎች፣ አብዛኞቹ ኢስቶኒያ ከሚገኝ እርሻ፣ ተመርጠው ተጀመረ። ፈተናው አንድ ብቻ ነው። ሰው ምግብ ይዞ እጁን ይዘረጋል፤ ግልገሏ ትሸሻለች? ትናከሳለች? ወይስ ትጠጋለች? ከየትውልዱ ገር የሆኑት ብቻ፣ ከወንዶቹ ከ100 ከ5 የማይበልጡት፣ ከሴቶቹ 20 ያህሉ፣ ለዘር ይቀራሉ። በስድስተኛው ትውልድ ጭራቸውን እየቆሉ፣ እያላዘኑ፣ የሰው እጅ የሚልሱ ግልገሎች ታዩ። በ10ኛው ትውልድ እንዲህ ያሉት 18 ከመቶ ነበሩ፤ በ20ኛው 35 ከመቶ ደረሱ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከ70 እስከ 80 ከመቶ ሆኑ። ግንባራቸው ላይ ነጭ ኮከብ ያለባቸው፣ ጆሯቸው የወደቀ፣ ጭራቸው የተጠቀለለ ቀበሮዎችም መጡ። በደማቸው ውስጥ ያለው የድንጋጤ ሆርሞንም ቀነሰ።

በ1974 ትሩት ፑሺንካ የተባለችውን ቀበሮ ይዛ እርሻው ውስጥ ባለች ትንሽ ቤት መኖር ጀመረች። ፑሺንካ በወለደች ጊዜ አንዷን ግልገል በአፏ ይዛ መጥታ ትሩት እግር ሥር አኖረቻት። ያን የካናዳውን ነገር አስታውሱ፦ የደነገጠች እናት ግልገሏን ትገድላለች ብዬ ነበር። በዚያው ዓመት አንድ ምሽት ደግሞ ትሩት ደጅ ተቀምጣ ሳለ ዘበኛ ሲጠጋ ፑሺንካ ተነሥታ እንደ ውሻ ጮኸችበት፤ ትሩት በሰላም ስታነጋግረው ዝም አለች።

እዚህ ላይ ደስ የማይለኝን ላንሣ። ገራምነቱ ከዘር እንጂ ከትምህርት አለመምጣቱ እንዲረጋገጥ ሲባል አብዛኞቹ ቀበሮዎች ዕድሜያቸውን በሽቦ ቤት አሳለፉ። ሰው ሲያዩ ከደስታ ብዛት የሚንቀጠቀጡት እንስሳት ሰው የሚያገኙት በደቂቃ ተቆጥሮ ነበር። ያልተመረጡት ደግሞ ቆዳቸው ይሸጣል፤ የእርሻው ወጪ ይሸፈን የነበረው በአብዛኛው በዚሁ ነው። ሳይንሱ ትልቅ መሆኑን አልክድም፤ የሒሳቡ ሌላ ገጽ ግን ይህ ነው።

የሶቪየት ኅብረት መፍረስ ከሰው አልፎ ለቀበሮም ተረፈ። በ1996 ሰባት መቶ የነበሩት የእርባታ ቀበሮዎች፣ የሚቀለቡበትና ለሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት ገንዘብ በመጥፋቱ፣ በ1998 ወደ መቶ ዝቅ ተደረጉ። ትሩት በ1999 ለአንድ የአሜሪካ መጽሔት ችግሩን ጽፋ ለዓለም አሰማች፤ ግልገሎቹን ለቤት እንስሳነት የመሸጥ ሐሳብም ያኔ ተነሣ። ከዓመታት በኋላ ጥቂቶቹ በብዙ ሺህ ዶላር አሜሪካ ድረስ ተሸጡ።

ገዢዎቹ ያገኙት ግን ውሻ አልነበረም። ከ60 ዓመት ምርጫ በኋላም ቀበሮ ወለል ትቆፍራለች፣ ሥጋ ትራስ ሥር ትደብቃለች፣ በሽንቷ ቤቱን ሁሉ ታካልላለች፤ ሽታው ከምንጣፍ አይለቅም። ሌሊት ትነቃለች። ሲጠሯት መምጣት እንደ ስሜቷ ነው። ከእርሻ ወይም ከዱር የተገኘችዋ ተራ ቀበሮማ የባሰች ናት። የእሷ ግልገል በስድስት ሳምንቷ ገደማ ሰውን መፍራት ትጀምራለች፤ ለማዳዎቹ ግን እስከ ዘጠኝ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይዘገያሉ። የመተዋወቂያው በር ያ ብቻ ነው፤ ከተዘጋ በኋላ ፍርሃቱን የሚያስረሳ ፍቅር የለም። እሷን መያዝ ማለት ከሥሩ የተቀበረ፣ ከላይም የተከደነ ሰፊ የውጭ አጥር መሥራት፣ ሥጋ ማቅረብ፣ የዱር እንስሳ የሚያክም ሐኪም መፈለግና ይህን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይሰለቹ መቀጠል ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ለውሻ የተመሰከረለት እንጂ ለእሷ የተመሰከረለት አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ቀበሮዋ ሰው ከነከሰች ለምርመራ ልትገደል ትችላለች። ብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች መከልከላቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

በ2019 ደግሞ አንዳንድ ተመራማሪዎች ተነሥተው ነጩ ኮከብና ሌላው ምልክት የካናዳ እርሻ ቀበሮዎች ላይም ይታይ ነበር፣ ገራምነት ብቻውን ያመጣው አይደለም ሲሉ ተከራከሩ። ክርክሩ አልተዘጋም። ስለ ጠባዩ ለውጥ ግን እነሱም አልተከራከሩም፤ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

ትሩት ራሷ ከጻፈችው አንዱን ልጨምር። ከለማዳዎቹ ጥቂቶች ከእርሻው አምልጠው ጫካ የገቡበት ጊዜ ነበር። ሽቦ የለ፣ ጠባቂ የለ፣ ከበስተጀርባቸውም ሙሉ ሳይቤሪያ አለ። ቀናት ቆይተው ሁሉም ወደ እርሻው ተመለሱ።