ኢንዶሜትሪዮሲስ፦ ልጅ ለሚሹ ሴቶች የሚሰጥ ሕክምና

ኢንዶሜትሪዮሲስ የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ፣ በእንቁላል ማምረቻዎች፣ በማህፀን ቱቦዎችና በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ሲበቅል የሚከሰት የረጅም ጊዜ ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ያህሉን፣ ወደ 190 ሚሊዮን የሚጠጉትን እንደሚያጠቃ ይገምታል። ሕመሙ ያለባቸው ብዙ ሴቶች ያለ ሕክምና ይፀንሳሉ። በሌሎች ላይ ግን የሚፈጥረው ብግነትና ጠባሳ ቱቦዎችን ያጣብቃል፤ የእንቁላል ክምችትንም ሊቀንስ ይችላል።

የሕክምናው ትልቁ አጣብቂኝ ሕመሙ የሚያመጣውን ሥቃይ የሚያስታግሰው የሆርሞን መድኃኒት እርግዝናንም መከልከሉ ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎችና አብዛኞቹ የሆርሞን መርፌዎች የሚሠሩት እንቁላል እንዳይወጣ በማድረግ ነው። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶና የፅንስ ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ እነዚህ መድኃኒቶች የመፀነስ ዕድልን ለማሻሻል ተብለው እንዳይታዘዙ አሳስቧል። ልጅ ለምትፈልግ ሴት «መጀመሪያ ስድስት ወር መድኃኒት ውሰጂ» ማለት፣ በተለይ ዕድሜዋ ከ35 ካለፈ፣ የማይመለስ ጊዜ ማባከን ነው። እስክትፀንስ ለሥቃዩ ፓራሲታሞል ይመረጣል፤ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ እንቁላል በሚወጣበት ሰሞን በተከታታይ ከተወሰዱ የእንቁላሉን መውጣት ሊያውኩ ይችላሉ።

ሕመሙ ቀላል ከሆነ የበቀለውን ሕብረ ሕዋስ በላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና) ማስወገድ ይረዳል። በካናዳ 341 ሴቶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በ36 ሳምንት ክትትል ፀንሰው እርግዝናቸው ከ20 ሳምንት ያለፈላቸው ከታከሙት 31 በመቶ፣ ካልታከሙት 18 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም አንድ ተጨማሪ እርግዝና ለማግኘት ስምንት ያህል ሴቶች መታከም ነበረባቸው። እንቁላል ማምረቻ ውስጥ ደም ያቋጠረ ሲስት ሲኖር ውሳኔው ይከብዳል፤ ሲስቱ ሲላጥ ጤናማው አካልም አብሮ ይነሳልና። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የእንቁላል ክምችትን በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ማየት፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናንም በተቻለ መጠን መሸሽ ተገቢ ነው። ከአይ ቪ ኤፍ (እንቁላልና የዘር ፍሬን ከሰውነት ውጭ አገናኝቶ ፅንሱን ወደ ማህፀን ከማስገባት) በፊት ሲስቱን ማውጣት የሚወለዱ ሕፃናትን ቁጥር እንደሚጨምር አልተረጋገጠም። ሲስቱ የሚወጣው ሥቃይ ካለ ወይም እንቁላል ለመቅዳት እንቅፋት ከሆነ ነው።

ቱቦዎቹ ክፍት ከሆኑ እንቁላል የሚያነቃቃ መድኃኒት ሰጥቶ የተዘጋጀ የዘር ፈሳሽን ወደ ማህፀን ማስገባት ይቻላል። ቱቦዎቹ ከተዘጉ፣ ዕድሜ ከገፋ ወይም የባልየው የዘር ፈሳሽ ደካማ ከሆነ በቀጥታ ወደ አይ ቪ ኤፍ መሄድ ይሻላል። ለዚህም ባል ከመጀመሪያው ቀን አብሮ መመርመር አለበት። የእኛ ማኅበረሰብ ልጅ ሲዘገይ ሴቷን ብቻ ሐኪም ቤት የሚያመላልስበት ልማድ ብዙ ትዳሮችን ጎድቷል። በኢትዮጵያ አዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ አይ ቪ ኤፍ ከሚሰጡት የመንግሥት ተቋማት አንዱ ነው።

በወር አበባ ሥቃይ ለምትሰቃይ ልጃገረድ «ስትወልጂ ይተውሻል» የሚባለው ምክር መሠረት የለውም። በእርግዝና ወቅት ምልክቶቹ ሊቀንሱ ቢችሉም ከወሊድ በኋላ ብዙ ጊዜ ይመለሳሉ፤ ልጅ ስትፈልግ የቆየች ሴትም የሆርሞን ሕክምናውን ሌላ ልጅ እስኪታሰብ ድረስ መጀመር የምትችለው ያኔ ነው።